ቴስቱ ላፕቶፔ ላይ ያልፋል፣ ጊትሃብ ላይ ይወድቃል፤ ፓስወርዱ የት ገባ?

ጦሳ ስር (ደሴ) ጠየቀ፦

ሰላም ጀመዓ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ለጭነት መኪኖች ተራ ማስያዣ ሲስተም እየሠራን ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ፣ ባቲና ወልዲያ ለሚጭኑ ነጋዴዎች ማለት ነው። በፓይተን ፍላስክ ነው፣ ዳታቤዙ ፖስትግረስ።

ላፕቶፔ ላይ ቴስቱ በሙሉ አረንጓዴ ነው። ኮዱን ጊትሃብ (የኮድ ማስቀመጫው ድረ ገጽ) ላይ ስጭነው ግን አክሽንሱ (ቴስቱን እዚያ በራሱ የሚያስነሳው) ቀይ ይሆናል። ስህተቱ «ኖ ፓስወርድ ሰፕላይድ» ይላል። ፓስወርድ አልተሰጠኝም ማለቱ ነው። ኧረ ሰጥቸዋለሁ! ሲክሬት (ጊትሃብ የሚደብቀው ዋጋ) አድርጌ አስቀምጨዋለሁ። ያምል ፋይሉ (አክሽንሱ የሚከተለው የትእዛዝ ዝርዝር) ላይ አንደኛው ስቴፕ (እርምጃ) ከሲክሬቱ ተቀብሎ «ዲቢ ፓስወርድ» የሚባለውን ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል (ፕሮግራሙ ከውጭ የሚያነበው ስምና ዋጋ) ኤክስፖርት ያደርጋል። ሁለተኛው ፓኬጆቹን ይጭናል። ሦስተኛው ቴስቱን የሚያስኬደውን ፓይቴስትን ያስነሳል። ኤክስፖርቱ ሲሠራ ሎጉ (የሥራው መዝገብ) ላይ በዓይኔ አየዋለሁ፤ ዋጋው በሦስት ኮከብ ተሸፍኖ ቁጭ ብሏል።

ሌላም ግራ የገባኝ አለ። የፕሮጀክቱ ፎልደር ስም «ደሴ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ሎጉ ላይ ግን ደሴ የሚለው ሁሉ ኮከብ ሆኗል። ቫይረስ ነው እንዴ?

የኮምቦልቻዋ መለሰች፦

አብሽር፣ ቫይረስ የለም። የዳታቤዙን ፓስወርድ «ደሴ» ብለህ ነዋ ሲክሬት ውስጥ ያስገባኸው! ጊትሃብ ሲክሬት የሆነን ቃል ሎግ ላይ ባገኘው ቁጥር ይሸፍነዋል። የፎልደር ስም ይሁን የከተማ ስም አይለይም። እግረ መንገድህን ፓስወርድህን ለሁላችንም ነገርከን ማለት ነው።

ወደ ዋናው ጉዳይ ስንመጣ፣ «ራን» የተጻፈበት እያንዳንዱ ስቴፕ የራሱን ሼል (ትእዛዝ ተቀባይ) ይከፍታል፣ ሲጨርስ ይዘጋዋል። ኤክስፖርት ያደረግከውም ከሼሉ ጋር አብሮ ይጠፋል። ሦስተኛው ስቴፕ ሲነሳ ስለ ፓስወርዱ የሰማው ነገር የለም። ኮከቡን ማየትህ እውነት ነው፣ ግን ያየኸው አንደኛው ስቴፕ ላይ ነው።

ኤክስፖርቱን አጥፋውና ያምሉ ላይ «ኢንቭ» የሚል ክፍል ክፈት። ሦስት ቦታ መግባት ይችላል፦ ከላይ ለወርክፍሎው (ለፋይሉ ሥራ) በሙሉ፣ ጆቡ (የስቴፖች ስብስብ) ስር ለዚያ ጆብ፣ ስቴፑ ስር ለዚያች ስቴፕ ብቻ። አንድ ስም ሁለት ቦታ ከተጻፈ ጠበብ ያለው ያሸንፋል። የስቴፑ የጆቡን ይሽራል፣ የጆቡ የወርክፍሎውን። ያንተን ጆቡ ስር አድርገው።

ዋጋው እዚያው በሥራ መሃል የሚፈጠር ከሆነ፣ ለምሳሌ የቨርዥን ቁጥር፣ ስሙንና ዋጋውን በእኩል ምልክት አያይዘህ በ >> ወደ «ጊትሃብ ኢንቭ» ፋይል ትጽፈዋለህ። ከሚቀጥለው ስቴፕ ጀምሮ ይገኛል። በጻፍክበት ስቴፕ ላይ ግን አትፈልገው፣ አታገኘውም።

መምህሩ (ወልዲያ) መለሱ፦

እህታችን ያለችው ትክክል ነው። እኔ ግን ከሥሩ ልጠይቅህ፤ ለመሆኑ ይህ ፓስወርድ ለምን ሲክሬት ሆነ?

ቴስቱ የሚነካው ዳታቤዝ ጆቡ ሲጀመር ተፈጥሮ ሲያልቅ የሚጠፋ ባዶ ዳታቤዝ ነው። የማንም ነጋዴ ስልክ ውስጡ የለም። ሌባ ፓስወርዱን ቢያገኘው ምን ይሰርቃል? እንዲህ ያለውን ያምሉ ላይ በግልጽ ጻፈው። የፖስትግረሱ ኢሜጅ (ዳታቤዙ የሚነሳበት ዝግጁ ጥቅል) ደግሞ «ፖስትግረስ ፓስወርድ» የሚባለውን ቫሪያብል ካላገኘ አልነሳም ይላል። ያንኑ ቃል እዚያም ስጠው። ሁለቱ ይግጠሙ እንጂ ምስጢር መሆን አያስፈልጋቸውም።

ሲክሬት ማለት ቢወጣ የሚያስለቅስ ነገር ነው። የሰርቨሩ መግቢያ፣ የእውነተኛው ዳታቤዝ ፓስወርድ፣ ለደንበኛ መልእክት የምትልክበት ቁልፍ። እነሱ ደግሞ ቴስት ጆብ ውስጥ ምን ይሠራሉ? ዲፕሎይ የሚያደርገው (ሲስተሙን ሰርቨር ላይ የሚጭነው) ጆብ ዘንድ ብቻ ይቀመጡ። ሁሉን ነገር ሲክሬት ውስጥ የሚከት ቡድን አይቻለሁ። አዲስ ልጅ ሲመጣ ቴስቱን ላፕቶፑ ላይ ማስነሳት ያቅተዋል። ዋጋውን ማን ያስታውስ? ሲክሬት አንዴ ከገባ ጊትሃብ ራሱ መልሶ አያሳይህም።

ላፕቶፕህ ላይ ቫሪያብሎቹን የያዘውን የዶት ኢንቭ ፋይልህንም ጊት ኢግኖር (ወደ ጊት የማይገቡ ፋይሎች ዝርዝር) ውስጥ አስገባው። በምትኩ ስሞቹን ብቻ የያዘ የናሙና ፋይል ኮሚት አድርግ (ጊት ውስጥ አስቀምጥ)። እውነተኛው ፋይል ከዚህ በፊት ኮሚት ተደርጎ ከነበረ ማጥፋቱ ብቻ አይበቃም፣ ታሪኩ ውስጥ ይቀራልና። ቁልፎቹን አስቀይራቸው።

ጦሳ ስር፦

ጋሼ አላህ ይስጥልኝ። እህቴ አንችም ተባረኪ። ኢንቩን ጆቡ ስር አደረግኩት፣ ፓስወርዱንም በግልጽ ጻፍኩት። አሁን ደግሞ «ፖስትግረስ» የሚባል ሆስት (ዳታቤዙ ያለበት ማሽን) አላገኘሁም ይለኛል። የሆስቱን ስም ላፕቶፔ ላይ ካለው ዶከር ኮምፖዝ (ኮንቴይነሮችን የሚያስነሳ ፋይል) እንዳለ ነው የገለበጥኩት።

ሐይቅ ዳር መለሰ፦

ያምሉ ላይ ጆቡ ስር «ኮንቴይነር» (ለብቻው የታጠረ የፕሮግራም ቤት) የሚል መስመር አለ? ከሌለ ቴስቱ የሚሄደው በቀጥታ ራነሩ (ጊትሃብ ሥራውን የሚያስኬድበት ማሽን) ላይ ነው። እንደዚያ ከሆነ ሆስቱ «ሎካልሆስት» (ያው ማሽን ራሱ) ነው። ሰርቪሱ (ከጆቡ ጋር የሚነሳው ዳታቤዝ) ላይም ፖርቱን (መግቢያ በሩን) 5432:5432 ብለህ ክፈተው። ሰርቪሱ በስሙ የሚጠራው ጆቡ ራሱ ኮንቴይነር ውስጥ ሲሆን ነው።

ሰርቪሱ ላይ «ፒጂ ኢዝ ሬዲ» የሚለውን ሄልዝ ቼክ ጨምርበት። ካልሆነ ዳታቤዙ ሳይነሳ ቴስቱ ይቀድመዋል። አንድ ቀን ያልፋል፣ አንድ ቀን ይወድቃል፣ አንተም ትደክማለህ። የፓይተን ቨርዥኑንም በጥቅስ ምልክት ውስጥ አድርገው። ያለ ጥቅስ 3.10 ብለህ ብትጽፍ ያምል ቁጥር መስሎት 3.1 ያደርገዋል።

ጦሳ ስር፦

ሎካልሆስት ስለው ተነሳ! ሁለት ነገር ቀረኝ።

ጓደኛየ ከራሱ ፎርክ (ከፕሮጀክቱ ቅጂ) የሚልከው ፑል ሪኩዌስት (ኮዴን አስገቡልኝ የሚል ጥያቄ) ይወድቃል፣ የኔ ያልፋል። የሱ ላይ ሲክሬት ውስጥ ያለው የክፍያ ቁልፍ ባዶ ነው ይላል። ኮዱ ላይ እኮ «ቫሪያብሉ ከሌለ የሙከራውን ቁልፍ ውሰድ» ብየ ዲፎልት ሰጥቻለሁ።

ሌላው የባቲ ጉዳይ ነው። የባቲ ገበያ ሰኞ ስለሆነ ሰኞ ለሚጭኑ መኪኖች ተጨማሪ ተራ እንሰጣለን። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ስለሚጭን መኪና የጻፍነው ቴስት እኔ ጋ ሰኞ ይላል፣ ጊትሃብ ላይ እሑድ። ሰዓቱ የተቀመጠው በዩኒክስ ሰከንድ (ተከታታይ የሰከንድ ቆጠራ) ነው።

የኮምቦልቻዋ መለሰች፦

የጓደኛህን ልንገርህ። ከፎርክ ለሚመጣ ፑል ሪኩዌስት ጊትሃብ ሲክሬትህን አይሰጥም። ደግ አደረገ፤ አለዚያማ ማንም ፎርክ አድርጎ ቁልፍህን ማተም ይችል ነበር።

ዲፎልትህ ያልሠራው ደግሞ ቫሪያብሉ ስላለ ነው። የሌለ ሲክሬት ባዶ ጽሑፍ ሆኖ ይገባል። ስሙ አለ፣ ውስጡ ባዶ ነው። ፓይተን ዲፎልቱን የሚወስደው ስሙ ጭራሽ ሲጠፋ ብቻ ነው። «ኦር» ብለህ ጻፈው፣ ያኔ ባዶውንም ይይዝልሃል። ከሁሉም የሚሻለው ግን ጋሼ እንዳሉት ለቴስት የውሸት ቁልፍ በግልጽ አስቀምጠህ የክፍያ ጥሪውን ሞክ ማድረግ (በአስመሳይ መተካት) ነው። ቴስት የእውነት ክፍያ ድርጅት በር ማንኳኳት የለበትም።

እዚያው እያለህ «መልእክት ላክ» ዓይነት ቫሪያብል ካለህ ተመልከተው። ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል ሁሌም ጽሑፍ ነው። «ፎልስ» ብለህ ብትሰጠው ፓይተን ባዶ ያልሆነ ጽሑፍ አየሁ ብሎ እንደ እውነት ይቆጥረዋል። ቴስት ባስነሳህ ቁጥር ለነጋዴው ሁሉ መልእክት ይሄዳል። ቃሉን ከ«ትሩ» ጋር አወዳድረው።

የሐርቡ ልጅ፦

ለፎርኩ «ፑል ሪኩዌስት ታርጌት» የሚል ትሪገር (ወርክፍሎውን የሚያስነሳ) አለ። እሱን ብታደርግ ሲክሬቱ ይገባልሃል፣ ተገላገልክ።

መምህሩ፦

ልጄ፣ እሱን ምክር ተወው። ያ ትሪገር በዋናው ሪፖዚቶሪ ሥልጣን ነው የሚሠራው። በዚያ ላይ የፎርኩን ኮድ ቼክአውት አድርጎ (አውርዶ) ቴስት ካስነሳ፣ የማይታወቅ ሰው ኮድ ከነሲክሬትህ አንድ ቤት ገባ ማለት ነው። ሌብል ለመለጠፍና ኮሜንት ለመጻፍ ይጠቅማል፤ ቴስት ለማስነሳት አይሆንም።

የሐርቡ ልጅ፦

እሽ ጋሼ፣ ይቅር።

ሐይቅ ዳር መለሰ፦

ባቲ ለኔ ትሁን። የጊትሃብ ራነር ሰዓቱ በዩቲሲ (በዓለም መነሻ ሰዓት) ነው። እኛ ሦስት ሰዓት እንቀድማለን። ሰኞ ከሌሊቱ 8 ሰዓት በዩቲሲ ገና እሑድ 23:00 ነው። ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ባለው ጊዜ የሚጫን መኪና ሁሉ በአንድ ቀን ወደ ኋላ ይቀራል።

አቋራጩ ጆቡ ስር «ቲዜድ» የሚል የሰዓት ክልል ቫሪያብል ጨምረህ ዋጋውን «አፍሪካ/አዲስ አበባ» ማድረግ ነው። ቴስቱ አረንጓዴ ይሆናል። እኔ ግን አላደርገውም። ሲስተሙን የምታስቀምጥበት ሰርቨርም በዩቲሲ ሊሆን ይችላል። ያኔ ቴስቱ አልፎ ነጋዴው ተራውን ያጣል። ቴስቱ የነገረህ እውነተኛ ስህተት ነው፣ አፉን አትዝጋው። ኮዱ ውስጥ ሰከንዱን ወደ ቀን ስትቀይር የፓይተኑን የሰዓት ክልል መሣሪያ «ዞንኢንፎ»ን ተጠቅመህ የአዲስ አበባን ሰዓት በግልጽ ስጠው።

መጀመሪያ ላፕቶፕህ ላይ «ቲዜድ»ን ዩቲሲ አድርገህ ፓይቴስትን አስነሳ። እሑድ ካለህ ችግሩ እሱ ነው፣ ኮሚት እያደረግክ ጊትሃብን መጠበቅም አይኖርብህም። በዚህ ኔትወርክ ይሄ ቀላል አይደለም።

ጦሳ ስር፦

በዩቲሲ ሳስነሳው እሑድ አለ። ዞንኢንፎውን ሳስገባ እዚህም ጊትሃብም ላይ ሰኞ ሆነ። የጓደኛየን ነገ ሞክ አድርገን እንልካለን።