የድሮ ላፕቶፕ ዕቁባችን፦ ለስብሰባው የምናቀርበውን ሐሳብ እዚሁ እንጨርሰው

ፀሐፊ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ እሁድ ጣና ዳር ቡና እየጠጣን ያወራነውን ለማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ በጽሑፍ ማቅረብ ስላለብን ሁላችሁም የሚመስላችሁን እዚህ ጣሉ። ሐሳቡ ይሄ ነው፣ 12 ሰው ነን፣ በወር አንድ አንድ ሺህ ብር እንጥላለን፣ ዕጣ የወጣለት ሰው ግን ብሩን ሳይሆን ለድሮዋ ቲንክፓድ ላፕቶፑ የሚሆን ዕቃ ነው የሚወስደው፣ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣን ዲስክ) በሉት ራም (ማሽኗ ስትሠራ የምትጠቀምበት ማስታወሻ) በሉት ባትሪ፣ መግጠሙን ደሞ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን እንሠራለን። ብሩን በእጅ ከሰጠን ግማሻችን ለቤት ኪራይ እንደምናውለው እኔም እናንተም እናውቃለን።

ገንዘብ ያዥ፦
ሐሳቡ ደስ ይላል ግን ዕቁብ ማለት እኮ ሁሉም እኩል ጥሎ ሁሉም እኩል የሚያነሳው ነገር ነው፣ እዚህ ግን የአንዱ ማሽን በአንድ አዳፕተር ትድናለች የሌላው ደሞ ኪቦርድም ራምም ባትሪም ትላለች፣ በኋላ ቅሬታው የሚመጣው እኔ ጋ ነው።

ፀሐፊ፦
ልክ ነሽ እህቴ። እንዲህ ብንለውስ፣ የእያንዳንዱ ድርሻ 12 ሺህ ነው፣ ከዕቃው የተረፈው በስሙ ይያዝለታል፣ ካነሰው ከኪሱ ይጨምራል።

ጋሼ (ባለ ቲ 42)፦
ልጆች፣ የኔዋ በፈረንጅ 2004 የወጣች ናት፣ ራሟ ከ2 ጊጋ አያልፍም፣ የዲስኳ መሰኪያም አዲሱ ሳታ አይደለም የድሮው ባለ 44 ፒኑ አይዲኢ ነው፣ ስለዚህ ኤምሳታ የሚባለው ትንሹ ኤስኤስዲ በአዳፕተር ነው የሚገባላት። ፍጥነቱ በሰከንድ ከ100 ሜጋባይት በላይ እንደማይሄድ አውቃለሁ፣ ምን ቸገረኝ፣ ያ ሌሊት ሲንቋቋ የሚያድረው ዲስክ ዝም ይበልልኝ እንጂ። ፕሮሰሰሯ 32 ቢት ስለሆነ ዴቢያን የሚባለው ነፃ ሲስተም በ13ኛው እትሙ መጫኛ አላዘጋጀላትም፣ በዴቢያን 12 እቆያለሁ። አንድ አደራ ግን፣ ቅዳሜ ስታነሷት በአንድ ጥግ እንዳታንጠለጥሏት፣ ማዘርቦርዷ (ሁሉም ነገር የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) በተጣመመ ቁጥር የግራፊክስ ቺፑ ብየዳ ይሰነጠቃል፣ የዚያ ዘመን ማሽኖች የታወቀ በሽታ ነው። በሁለት እጅ፣ እንደ አራስ ልጅ።

ባለ ኤክስ 200፦
እኔ ደሞ ሕልሜ ሌላ ነው፣ ቻይና ያሉ 51ኤንቢ የሚባሉ ልጆች ለኤክስ 200 እና ለኤክስ 201 ቀፎ ልክ የሚገባ አዲስ ማዘርቦርድ ሠርተዋል፣ ኤክስ 210 ይሉታል፣ 8ኛ ትውልድ ኮር አይ 5፣ ራም እስከ 32 ጊጋ፣ ኪቦርዱ ያው የድሮው። እሱን ለማኅበሩ አንድ ብናስመጣስ?

ጋሼ፦
ልጄ፣ እሱማ በሩን ትቶ ቤቱን አፍርሶ መሥራት ነው። ከአንድ ሰው የዕቁብ ድርሻ በላይ እንደሚወጣበት አትርሳ።

ባለ ኤክስ 220፦
ከጋሼ ጋ ነኝ። ከዚያ በፊት ሁሉም ሰው የማሽኑን ሞዴል እና የጎደላትን ይጻፍ፣ ዝም ብሎ ዕቃ ማዘዝ እኔን በልቶኛል። የኤክስ 220 ዲስክ ቦታ ውፍረቱ 7 ሚሊሜትር ነው፣ እኔ ባለ 9.5 ገዝቼ መጣሁ፣ አንድ ብሎን ፈትቼ ልከተው ብል በመዶሻ ካልሆነ አይገባም። በኋላ ነው ከኪቦርዱ ስር ኤምሳታ ቦታ እንዳላት ያየሁት፣ እሱ ሳታ 2 (የቀድሞው የሳታ ፍጥነት) ስለሆነ ቀሰስ ይላል፣ ግን ሁለት ዲስክ ማለት ነው። ዋይፋይ ካርድ የምትቀይሩም ተጠንቀቁ፣ ባዮሱ (ማሽኗ ስትነሳ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም) የማያውቀው ካርድ ሲገባ 1802 የሚል ስህተት አውጥቶ ቀጥ ይላል። ቲ 43 ያላችሁ ደሞ ዲስክ ስትቀይሩ 2010 የሚል ቢያወጣ አትደንግጡ፣ ኤስኬፕ ተጭናችሁ ትቀጥላላችሁ።

የፖሊ ልጅ፦
እና ባትሪውስ? መብራት በሄደ ቁጥር ሁላችንም የምናማርረው ስለሱ አይደል እንዴ፣ ባትሪው ውስጥ የሚገባውን 18650 የሚባል ክብ ሴል አምጥተን እኛው እንቀይረው፣ ስድስት ሴል ነው በቃ።

ገንዘብ ያዥ፦
አረ በስማም! እኔ ሞክሬው እኮ ነው። ስፓት ዌልደር (ሴል ሳያግል በቅጽበት የሚበይድ መሣሪያ) ስላልነበረኝ ሴሉን በሶልደር ብረት ስበይደው ሙቀቱ በዛና አንዱ ሴል ፉጭ ማለት ጀመረ፣ በአካፋ አንስቼ ግቢ ውስጥ አሸዋ ክምር ላይ ወረወርኩት፣ እናቴ እስካሁን ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጥቁር ምልክት እያሳየች ታማኛለች። ሌላኛውን ደሞ በደንብ ሠርቼዋለሁ ብዬ ሳስገባው ባትሪው ውስጥ ያለው ቺፕ ሴሎቹ ሲነቀሉ ራሱን ቆልፎ ኖሮ ቻርጅ አልቀበል አለ። ማኅበሩ ቤት ውስጥ ሴል እንድንበይድ ፊርማዬን አላኖርም።

ፀሐፊ፦
በቃ ተዘጋጅቶ የተሸጠ ባትሪ እንግዛ። እንዲህ ያለ የሊቲየም ባትሪ በመንገደኛ አውሮፕላን እንደ ጭነት ለብቻው አይጫንም፣ ሰው ግን በእጅ ሻንጣው እስከ 100 ዋት ሰዓት ይዞ መግባት ይችላል፣ የኤክስ 220 ባለ ስድስት ሴሉ 63 ነው። ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ ያለው ይናገር፣ በሚያስረክበው ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ግን እንዳያደርገው አጥብቃችሁ ንገሩት።

የፖሊ ልጅ፦
እሺ ተሸነፍኩ፣ ግን ባትሪ መጀመሪያ ይሁን።

ፀሐፊ፦
ባትሪ ሰው እስኪመጣ ይጠብቃል ወንድሜ፣ ኤስኤስዲ ግን ነገ ይገዛል፣ መብራት ሄዶ ሲመለስም ከድሮው ዲስክ ቶሎ ትነሳለች። እንግዲህ ለስብሰባው እንዲህ ብዬ እጽፈዋለሁ፣ «አባላት በወር 1000 ብር ይጥላሉ፣ ዕጣ የወጣለት በድርሻው ልክ ዕቃ ይገዛለታል፣ ትራፊው በስሙ ይያዛል፤ ግዢ ከመፈጸሙ በፊት የማሽኑ ሞዴልና የዲስኩ ዓይነት በቅጽ ይሞላል፤ የመጀመሪያው ዙር ለኤስኤስዲ እና ለራም ነው፣ ባትሪ ተገጣጥሞ የተሸጠው ብቻ ይገዛል፣ በማኅበሩ ቤት ሴል መበየድ ክልክል ነው።» ኤክስ 210 ለጊዜው ተትቷል፣ ባለ ሕልሙ ወንድማችን ይቅር ይበለን።

ጋሼ፦
ጥሩ ነው፣ ፈርሜያለሁ። ብቻ ቅጹን በወረቀት አምጡልኝ።

ገንዘብ ያዥ፦
ተስማምቻለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቴስተርና ብሩሽ እኔ እይዛለሁ፣ ባለፈው የጠፋችው ትንሿ ባለ መስቀል ካቻቢቴ እጁ ላይ ያለች ሰው ደሞ ዝም ብሎ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣት፣ ማንም ምንም አይጠይቅም።