ፀሐይ «ድንክ» ትባላለች ወይ?

የሱሉልታው፦ ትናንት ማታ መብራት ጠፍቶ ልጄ በሻማ ደብተሯን ስታነብ «ፀሐይ ቢጫ ድንክ ኮከብ ናት» አለች። አባቴ «ፀሐይን ድንክ የሚል ምን ዓይነት አፍ ነው?» ብለው ተቆጡ። ይባስ ብሎ በብርሃን ከፀሐይ 25 እጥፍ የሚበልጠው ሲርየስ የተባለ ኮከብም እዚያው ድንክ ተብሏል። እባካችሁ፣ ድንክ እዚህ ላይ መጠን ነው ወይስ ማዕረግ?

ባለ ሰዋስው፦ ቃሉ የዋዛ እንዳይመስልህ። ግብፅ ውስጥ አስዋን አጠገብ በሹሙ በሐርኩፍ መቃብር ላይ የተቀረጸው የፈርዖኑ የዳግማዊ ፔፒ ደብዳቤ ከደቡብ የመጣውን አጭር ጨፋሪ «ድንግ» ይለዋል። ከ4,000 ዓመት በላይ ሆኖታል። ግብፆች ከእኛ ወስደውታል ባይ ነኝ።

ወይዘሮዋ፦ እኛ ከእነርሱ ወስደነው እንደሆነስ? ለማንኛውም ድንክ አልጋዬ ላይ ሁለት ልጆች ይተኛሉ፤ ስሙ አላሳነሰውም።

መሪጌታ፦ ድንክን ተዉትና «ግዙፍ»ን መርምሩ። ደብተሩ ውስጥ «ቀይ ልዕለ ግዙፍ» የሚልም አይጠፋም። ግዙፍ የረቂቅ ተቃራኒ ነው፤ መላእክት ረቂቃን፣ ድንጋይ ግዙፍ። የሚዳሰስ ማለት እንጂ ትልቅ ማለት አይደለም። ተርጓሚው በአንድምታ ቤት ደጅ አላለፈም።

የፊዚክስ መምህር፦ መሪጌታ፣ ሳያስቡት ልክ ብለዋል። በጥር ምሽት አናታችን ላይ ቀልቶ የሚታየው ቀይ ልዕለ ግዙፍ ኮከብ፣ ቤቴልጁዝ፣ በወርዱ ፀሐይን 700 እጥፍ ያህል ይበልጣል፤ ገላው ግን በአማካይ ከምንተነፍሰው አየር በሺዎች እጥፍ የሳሳ ነው። የሲርየስ ጓደኛ የሆነው ነጭ ድንክ ደግሞ ምድርን ያህላል፣ የፀሐይን ያህል ቁስ ግን ታጭቆበታል። በእርስዎ አነጋገር ድንኩ ግዙፍ፣ ግዙፉ ረቂቅ ሆነ ማለት ነው።

መሪጌታ፦ «ሳያስቡት» ያልኸውን አንሳ።

የፊዚክስ መምህር፦ አንስቻለሁ፣ ይቅርታ።

ባለ ሰዋስው፦ ሕዝቡ እኮ «ግዙፍ ሕንፃ» ይላል።

መሪጌታ፦ ሕንፃውም ስለሚዳሰስ ነው! እኔ ቅኔ ስቆጥር አንተ ፊደል አልቆጠርህም። ሐዋርያውም «ኮከብ እምኮከብ ይኄይስ ክብሩ» አለ፤ ኮከብ ከኮከብ በክብር ይበልጣል ማለት ነው፤ ክብሩ እንጂ ግዝፈቱ አላለም።

ወይዘሮዋ፦ ታዲያ ምን እንበላቸው?

መሪጌታ፦ ትልቁን ዐቢይ፣ ትንሹን ንዑስ። አበቃ።

የፊዚክስ መምህር፦ «ንዑስ ድንክ» የሚባል ሌላ መደብ ስላለ ይምታታብናል።

መሪጌታ፦ የመደባችሁት እናንተ፤ ፍቱት።

የሱሉልታው፦ አባቴ ገና እየጠበቁ ነው። መጠን ወይስ ማዕረግ?

ባለ ሰዋስው፦ ቆይ፣ «ማዕረግ» ራሱ «ዐርገ» ከሚለው የወጣ ነው፤ ወጣ፣ ከፍ አለ ማለት ነው። እንግዲህ ኮከብ ወዴት ይወጣል?

መሪጌታ፦ አሁን ገና ደህና ጥያቄ መጣ።