አስቸኳይ፦ በነፃ የሰጠሁት ፕሮግራም ቆመ፤ አሁን ላስከፍል?

የፒያሳዋ፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ለመድኃኒት ቤቶች የሠራሁት የዕቃ መመዝገቢያ ፕሮግራም ከጠዋት ጀምሮ አይከፈትም። ፕሮግራሙ የሚሠራው በኢንተርኔት በተከራየሁት ኮምፒውተር፣ በሰርቨር፣ ላይ ነው፤ ኪራዩን መክፈል አቅቶኝ ተዘጋብኝ። ኪራዩ በዶላር ነው፤ ከሐምሌ 2016 የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ በብር ሲሰላ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ስልኬ ዕረፍት አጣ። ሁለት ዓመት በነፃ ሰጥቼ አሁን ክፈሉ ማለት ነውር ነው? ወይስ ልዝጋው?

ቀለሙ፦ እህቴ፣ «ነፃ» የሚለው ቃል ራሱ ያምታታል። አሜሪካዊው ፕሮግራመር ሪቻርድ ስታልማን እ.ኤ.አ. በ1983 ግኑ የተባለውን የነፃ ፕሮግራሞች ሥራ ሲያስታውቅ የቆመው ለተጠቃሚው ነፃነት ነው፤ ፕሮግራሙን ለማየት፣ ለመለወጥ፣ ለሌላው ለማካፈል። ዋጋ መጠየቅን አልከለከለም። እሱ ባዘጋጀው፣ ጂፒኤል በተባለው የአጠቃቀም ፈቃድ የወጣ ፕሮግራም እንኳ ይሸጣል፤ ገዢው የፕሮግራሙን ምንጭ፣ ማለትም የተጻፈበትን ኮድ፣ ማግኘት አለበት እንጂ።

ባለ ሱቁ፦ አስከፍዪያቸው!

የፒያሳዋ፦ ቀለሙ፣ አመሰግናለሁ፤ ግን ሰዎቹ አሁን ወረፋ አስቁመው እየጠበቁኝ ነው።

ሰርቨር ጠባቂ፦ ከዋጋው በፊት መረጃውን አድኚ። ኪራይ ሲቋረጥ ብዙ አከራዮች መረጃውን የሚያቆዩት ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ ያጠፉታል። ተበድረሽም ቢሆን የአንድ ወር ክፈዪና ዛሬውኑ ቅጂ አውጪ። ለእያንዳንዱ መድኃኒት ቤት የራሱን ዝርዝር በኤክሴል ላኪለት፤ ባይከፍልም። የመድኃኒቶቹ ማብቂያ ቀን የተመዘገበው እዚያ ነው። እሱን ይዘሽ ገንዘብ ብትጠይቂ፣ ነውሩ ያ ነው።

የጎጃም በር፦ ጥያቄው ከመነሻው ተሳስቷል። አንድ ኮምፒውተር ላለው መድኃኒት ቤት ሰርቨር ምን ያደርግለታል? እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ እንዲሠራ አድርጊው፤ ኪራይ የለበት፣ ኢንተርኔት ሲጠፋ አይቆም። እሱ በነፃ ይቀጥል። ቅርንጫፍ ያላቸውና ቅጂ እንዲቀመጥላቸው የሚፈልጉ ግን ለዚያ አገልግሎት ይክፈሉ። ሬድ ሃት የተባለው ኩባንያ ያደገው እኮ ማንም በነፃ በሚያገኘው ሊኑክስ በተባለ የኮምፒውተር ማስኬጃ ሥርዓት ላይ ድጋፍና ጥገና በዓመት ክፍያ እየሸጠ ነው፤ አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ2019 በ34 ቢሊዮን ዶላር ገዛው።

ባለ ሱቁ፦ አስከፍዪያቸው ብያለሁ። አቦሉን በነፃ ጠጥተዋል፤ ለቶናው ስኳር ይዘው ይምጡ።

ፋርማሲስቷ፦ እኔም መድኃኒት ቤት አለኝ። በወር ይህን ያህል ክፈዪ ብባል አልቀየምም፤ ሳይነገረኝ ቢዘጋብኝ ግን እቀየማለሁ። ለመሆኑ የሚጠቀሙበት መድኃኒት ቤቶች ስንት ናቸው? ደረሰኝስ ትሰጫለሽ? ያለ ደረሰኝ ከከፈልኩ ግብር ሲሰላ ወጪዬ አይያዝልኝም።

የፒያሳዋ፦ 37 ናቸው፤ አብዛኞቹ አንድ ኮምፒውተር ብቻ ነው ያላቸው። ንግድ ፈቃድ ገና አላወጣሁም። ውጭ አገር ያለው ወንድሜ የአንድ ወሩን አሁን እየከፈለልኝ ነው፤ ሲከፈት ቅጂውን አወጣለሁ።

ሰርቨር ጠባቂ፦ ተከፈተልሽ?