የጀርመንኛ ማዳመጥ አልሆነልኝም

ለጀርመንኛ ቢ1 (መካከለኛ ደረጃ) ፈተና መዘጋጀት ከጀመርኩ 14 ወር ሆኖኛል። ባለፈው ወር ተፈትኜ በንባብ 77፣ በጽሑፍ 71 ሳገኝ፣ ማለፊያው 60 በሆነበት በማዳመጥ ግን 43 ላይ ቀረሁ። የቃላት እጥረት አይመስለኝም፤ የሚያሳስቱኝ ለሁለት የሚከፈሉት ግሶች ናቸው። ተናጋሪዋ «ሄርት» ስትል «ትሰማለች» ብዬ ተርጉሜ እቀጥላለሁ፤ ከአምስት ስድስት ቃል በኋላ «አውፍ» ይመጣና ለካ «ታቆማለች» ማለቷ ኖሯል። ግሳችንን መጨረሻ ላይ ለምናስቀምጥ ለእኛ ይህ ባልከበደን ነበር። ፖድካስት ፍጥነቱን ቀንሼ፣ ጽሑፉንም እያየሁ ለሦስት ወር አዳምጫለሁ፤ ጽሑፉ ሲነሳ ግን ተመልሼ እዚያው ነኝ። አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰማውን የፈተና ክፍል በልቤ ወደ አማርኛ ሳልመልስ እንድከታተል፣ ጆሮዬን በምን ዓይነት የዕለት ልምምድ ላሠልጥነው?