ግፊቴ ወረደ፣ ኪሎዬ ግን አልነቃነቅ አለ

ጠያቂዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። 47 ዓመቴ ነው። የወር አበባዬ መዘበራረቅ ከጀመረ ወዲህ ግፊት አለብሽ ተባልኩ፤ ኪኒን ከጀመርኩ ዓመት አልፎኛል። ሐኪሜ "ኪሎ ቀንሺ" ስላለኝ ሁለት ወር ሙሉ በየማለዳው 30 ደቂቃ በእግሬ ሄድኩ። 84 የነበርኩት 83 ሆንኩ፣ በቃ! ግፊቴ ግን ከ150/95 ወደ 142/90 ወርዷል። ሚዛን ላይ በወጣሁ ቁጥር ወኔዬ ይከዳኛል። ልፋቴ ከንቱ ነው? ደግሞስ ኪኒኑን ላቁመው?

የጠዋት ጤዛ፦ ኧረ ምን ከንቱ! 8 ነጥብ እኮ ቀላል አይደለም። ስፖርት ግፊት ለማውረድ ኪሎ እስኪቀንስ አይጠብቅም። ስትንቀሳቀሺ የደም ስሮችሽ ይፍታታሉ፤ ከጨረስሽ በኋላም ግፊቱ ለሰዓታት ዝቅ ብሎ ይቆያል። ኪሎም ድርሻ አለው፤ በግምት በአንድ ኪሎ አንድ ነጥብ። አንቺ ግን የቀነስሽው አንድ ኪሎ ነው፣ የቀረውን እግርሽን አመስግኚ። ሚዛኑን ተይውና ወገብሽን በሜትር ለኪ። በማረጫ ዕድሜ ስብ ሆድ ላይ ነው የሚሰፍረው፣ ለግፊት የሚከፋውም እሱ ነው።

ባለ ነጭ ጋውን፦ ነርስ ነኝ። ኪኒኑን በራስሽ እንዳታቆሚ! የሚቀንሰውም የሚያቆመውም ሐኪምሽ ነው። ቤት ነው የምትለኪው? ክንድ ላይ የሚጠቀለለው ጨርቅ ከጠበበ ቁጥሩን ያላግባብ ከፍ ያደርገዋል። ክንዳችን ሞላ ያለ ሴቶች ላይ ይሄ ብዙ ያጋጥማል። 5 ደቂቃ አረፍ ብለሽ፣ እግርሽን ሳታነባብሪ፣ ክንድሽን በልብሽ ትክክል አሳርፈሽ ተለኪ። ከእርምጃ እንደተመለስሽ አይሆንም፤ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይለፍ።

ሁለት ጊዜ የጀመረች፦ እኔን በእርግዝናዬ ጊዜ ግፊት ይዞኝ ነበር። ከወለድኩ በኋላ ለቀቀኝ፣ በ40ዎቹ ግን ተመልሶ መጣ። አራት ወር ተራምጄ ሲወርድልኝ "ዳንኩ" ብዬ ተውኩት። ወር ሳይሞላ ያው! አሁን አላቋርጥም። እየሄድሽ ማውራት ከቻልሽ፣ መዝፈን ግን ካቃተሽ ፍጥነትሽ ልክ ነው። ክብደት ስታነሺ ደግሞ ትንፋሽሽን አትያዢ፤ ግፊቱን ሽቅብ ይሰቅለዋል።

ጠያቂዋ፦ እናንተዬ፣ መለኪያዬን አሁን አየሁት። ጨርቁ ጫፍና ጫፉ የሚገናኘው በግድ ነው!

ባለ ነጭ ጋውን፦ ጠርጥሬ ነበር። ሰፋ ያለውን ፈልጊና ለአንድ ሳምንት ጠዋትና ማታ እየለካሽ ጻፊው። ወረቀቱን ለሐኪምሽ አሳዪው።