ሩዳስ (የመርሳት በሽታ መለያ ፈተና) ላይ ያለውን የኩብ ሥዕል ፊደል ላልቆጠሩ አዛውንቶች ምን እናድርገው?

ሰላም ለሁላችሁ። ከ60 ዓመት በላይ የሆናቸው የገጠር አዛውንቶች ላይ ለመርሳት በሽታ ጥናት የመለያ መጠይቅ እያዘጋጀን ነው። ኤምኤምኤስኢ የተባለውን የተለመደ የአእምሮ ችሎታ መለኪያ የተውነው፣ ያልተማረ ሰው "ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፣ ከ100 ላይ 7 እየቀነሱ ይቁጠሩ" ሲባል ጤነኛም ቢሆን ስለሚወድቅ ነው። ወደ ሩዳስ ዞርን፤ ከ30 ይታረማል፣ መቁረጫ ነጥቡ 22 ነው፤ 22 እና ከዚያ በታች ያገኘ ያጠራጥራል።

ሻይ፣ ዘይት፣ እንቁላል፣ ሳሙና የሚለው እንዲያስታውሱት የሚነገራቸው የገበያ ዝርዝር አላስቸገረም። መኪና የበዛበትን መንገድ ስለ መሻገር ስንጠይቅ ግን "እኛ ዘንድ መኪናው የታለ?" ይሉናል። በሞላ ወንዝ ተካነው፦ ጥልቀቱን በዱላ መለካት 2 ነጥብ፣ እስኪጎድል መጠበቅ ወይም ሰው መያዝ 2 ነጥብ። ይህ ተግባባን።

ያቃተን የኩብ ሥዕል አይተው እንዲሥሉ የሚጠየቁበት ባለ 3 ነጥቡ ጥያቄ ነው። እርሳስ ጨብጠው የማያውቁ ሰዎች አንድ ካሬ ብቻ ሥለው ወረቀቱን ይመልሱልናል፤ የዓይን ሞራ ያለባቸውማ ሥዕሉንም በደንብ አያዩትም። በ4 የክብሪት እንጨት ቅርጽ እንዲያስመስሉ ሞከርን። ቀለላቸው፤ እንዲያውም በጣም ስለቀለለ ሁሉም ሙሉ ነጥብ አገኘ፣ የታመመውን ከጤነኛው አልለየልንም።

ኩቡን አውጥተን ከ27 በማረም መቁረጫ ነጥቡን ከሐኪም ምርመራ ጋር አስተያይተን እንደ አዲስ እናውጣ፣ ወይስ ኩቡን ሳንነካ ላልተማሩት ብቻ ዝቅ ያለ መቁረጫ እናስቀምጥ?