የበሰበሰ የጀልባ ወለል ልቆርጥ ነው፤ የፋይበርግላሱን ብናኝ እንዴት ልቆጣጠረው?

ቦርከና፦
ሰላም ለቤቱ። ከሐይቅ የመጣች 5 ሜትር ገደማ የሆነች የፋይበርግላስ ጀልባ ኮምቦልቻ አንድ ጋራዥ ውስጥ ቆማለች። ወለሏ ሲረግጡት ወደ ታች ይሄዳል። ላዩ ፋይበርግላስ ነው፣ ከሥሩ ያለው 12 ሚሊ ፕላይውድ በስብሷል። ያለኝ ግራይንደር፣ ክብ የኤሌክትሪክ መጋዝና ኮምፕሬሰር ነው። ጋራዡ ውስጥ ሌሎችም ይሠራሉ፣ አጠገቡ የመኪና ቀለም ይቀባል። የሕክምና ማስክ ደርቤ ባደርግ ይበቃል? ውሃ እየረጩ መቁረጥስ?

ባትላሜራው፦
ማስኩ አይበቃም ወንድሜ። ሁለት ብትደርብም ፊት ላይ ስለማይገጥም ብናኙ በጉንጭህና በአፍንጫህ ዳር ይገባል። ቢያንስ ኤን95 ወይም ኤፍኤፍፒ2 የሚባለው የብናኝ ማስክ ይሁን፤ ከተገኘ ደግሞ ማጣሪያው የሚቀየር የጎማ ማስክ ከፒ100 ማጣሪያ ጋር። ጢም ካለህ ተላጨው፣ ጎማው ጢም ላይ አይገጥምም። ማጣሪያዎቹን በመዳፍህ ሸፍነህ ወደ ውስጥ ሳብ፤ ማስኩ ፊትህ ላይ ካልተጣበቀ ያስገባል ማለት ነው።

ሰው ሁሉ የሚፈራው ማሳከኩን ነው። እሱ ወፍራሙ የመስታወት ክር ቆዳን ሲወጋ የሚመጣ ነው፣ ታጥቦ ይለቃል። ሳንባ የሚገባው ግራይንደር የሚፈጨው የሬዚን (የመስታወት ክሩን አጣብቆ የሚያጠነክረው ሙጫ) እና የመስታወት ዱቄት ነው፤ ደቃቁ በዓይን አይታይም፣ ሥራው ካቆመ በኋላም አየር ላይ ይቆያል። የበሰበሰው እንጨት ሻጋታም አለበት። ስለዚህ ማሽኑን እንዳጠፋህ ማስክህን አታውልቅ።

ዋናው ነገር ብናኙን መጀመሪያውኑ መቀነስ ነው፤ ወለሉን በግራይንደር አትቁረጥ። በድሪል እየበሳህ ውፍረቱን ለካ፤ የሚወጣው ፍርፋሪ ጥቁርና እርጥብ ከሆነ በስብሷል፣ ደረቅና ነጣ ያለ እስክታገኝ እየራቅህ ብሳ። የመጋዙን ጥልቀት በዚያው ልክ አስተካክል፤ 12 ሚሊ እንጨትና 3 ሚሊ ፋይበርግላስ ከሆነ 15 ሚሊ። ካለፈ ከሥር ያሉትን ደጋፊዎች ወይም የጀልባዋን ሆድ ይነካል። ከዳርና ዳሩ 5 ሴንቲ ሜትር ትተህ ቁረጥ፣ ከዚያ ሥር የቀረውን ብስባሽ በመሮ አውጣው። ግራይንደር የሚያስፈልግህ አዲሱ ፋይበርግላስ የሚጣበቅበትን ጠርዝ ለመፋቅ ብቻ ነው፣ በ36 ወይም 40 ቁጥር ሻካራ የብርጭቆ ወረቀት ዲስክ።

የጦሳ ልጅ፦
በኤሌክትሪክ መሣሪያ ላይ ውሃ? በፍጹም! እርጥብ ጀልባ ውስጥ ተንበርክከህ ከያዘህ ማን ይደርስልሃል። ውሃ የሚሆነው በእጅ፣ በውሃ ብርጭቆ ወረቀት ስታለሰልስ ነው።

ኮምፕሬሰሩንም እርሳው፤ ወለሉንም ልብስህንም አትንፋበት፣ የተቀመጠውን ብናኝ መልሶ ሰው ላይ መበተን ነው። መጥረጊያም ያው ነው። ሄፓ የሚባለው ደቃቅ ብናኝ የሚይዝ ማጣሪያ ያለው ቫኪዩም ፈልግና ሌላ ሰው ቱቦውን ዲስኩ አጠገብ ይያዝልህ። ተራ የቤት ቫኪዩም ደቃቁን በጀርባው ይተፋዋል። ከሌለ በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው። ጀልባዋን ወደ ግቢ ማውጣት ከቻልክ አውጣት፤ ካልሆነ በላስቲክ ጋርደህ በአንድ በኩል ቬንቲሌተር ወደ ውጭ ይሳብ፣ ሰው ወደሌለበት። ቀለም የሚቀባውንም ቀድመህ አናግረው፤ ብናኙ እርጥብ ቀለም ላይ ካረፈ ከጎረቤት መጣላት ይመጣል።

ረጅም እጅጌ ቱታ ልበስ፣ እጅጌውን ከጓንቱ ጋር በስኮች ዝጋ፣ መነጽሩ ጎኑ የተዘጋ ይሁን። ስትጨርስ ሳታሽ በቀዝቃዛ ውሃ ታጠብ፤ የተሰካ ክር በስኮች ለጥፈህ ሲነሣ ይወጣል። ቱታው ከቤተሰብ ልብስ ጋር አይታጠብ።

ቦርከና፦
አመሰግናለሁ። ሬዚን ስቀባስ ያው ማስክ ይሠራል?

ባትላሜራው፦
አይሠራም። ፒ100 ብናኝ ይይዛል እንጂ የሬዚኑን ትነት አይዝም። ለኦርጋኒክ ትነት የሚባለውን ካርትሪጅ ግጠምበት፤ ሽታው መግባት ሲጀምር አልቋል፣ ቀይር።

ፖሊስተር ሬዚን ከሆነ በ1 ሊትር ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ማጠንከሪያ ነው፣ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ለካው። ማጠንከሪያው ዓይን ያጠፋል፤ ከነካህ ቢያንስ 15 ደቂቃ በውሃ እጠበውና ወደ ሐኪም ሂድ። ኮባልቱ (የሬዚኑን መጠንከር የሚያፋጥነው ፈሳሽ) ለብቻው ከተሸጠልህ ከማጠንከሪያው ጋር በቀጥታ አታገናኘው፣ ይፈነዳል፤ መጀመሪያ ኮባልቱን ሬዚኑ ውስጥ በደንብ አማስል፣ ማጠንከሪያው ከዚያ በኋላ። ብዙ አታቡካ፣ ባልዲ ውስጥ ግሎ ይጨሳል።

ኮምቦልቻ በቀን ሙቀት ከ10 ሚሊው ጀምር። ደሴ ላይ በብርድ ቢሆን ሌላ ነገር ነበር፤ ከ15 ዲግሪ በታች ሬዚኑ ይዘገያል፣ ሳይጠነክር ከፋቅኸው ደግሞ ዲስኩን ይደፍናል፣ ሽታውም ይነሣብሃል። እስከ ማግስቱ ጠብቀው።

የጦሳ ልጅ፦
አንድ ነገር ልጨምር፤ አዲሱን ፕላይውድ ልክህን ወስደህ ውጭ ቁረጠው። ከመግጠምህ በፊት ሥሩን፣ ጠርዙንና የብሎን ቀዳዳዎቹን ሬዚን አጠጣ። የድሮው ወለል የበሰበሰው በነዚህ በኩል ውሃ ገብቶ ይሆናል።